ቆቡን በቡጢ የበሳው ሰው፤ ስለ ኢያን ሆልም ለቀረበው ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ እንግሊዛዊው ተዋናይ ስለ ኢያን ሆልም የተጻፈ ረዘም ያለ መጣጥፍ አነበብሁ። የጸሐፊው ብዕር ስል መሆኑን አልክድም፤ ስለቱ ያረፈበት ቦታ ግን አልተዋጠልኝም። ጽሑፉ ላልደረሰው ሰው ፍሬ ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። እንደ ጸሐፊው አባባል ሆልም በሼክስፒር መድረክ ላይ የነገሠ ተዋናይ ነበር፤ በ1976 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፈርቶ ዙፋኑን ጥሎ ሸሸ፤ ከዚያ ወዲያ በሌሎች ሰዎች ፊልም ጥግ ይዞ የሚቆም «አዳማቂ» ሆኖ ቀረ። ቁመቱ አጭር ስለነበር ናፖሊዮንን ከመደጋገም የተሻለ አላገኘም፤ ሕዝብ የሚያስታውሰው ሚናውም ማንም ሊሠራው የሚችል የማሽን ሚና ነው፤ አንድም ፊልም በጫንቃው ተሸክሞ አያውቅም። መደምደሚያቸውም ይህ ነው፦ የሆልም ሥራ «ክር የሌለው የተበታተነ ዶቃ» ነው።

በቅደም ተከተል ልመልስ አስቤ ነበር። ግን ከሁሉ አብልጦ ያበሳጨኝ በመሐል ጣል ያደረጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ከእሱ እጀምራለሁ። ጸሐፊው በ1981 የወጣውን «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የተሰኘ ፊልም «ጥቂት ደቂቃ የምትታይ የአሠልጣኝ ሚና፤ የኦስካር ዕጩነቷም ይሉኝታ» ብለው ያልፉታል።

እስቲ ያችን ሚና አብረን እንያት። ፊልሙ በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ ስለሮጡ ሁለት ብሪታንያውያን ነው። አንዱ በ100 ሜትር ያሸነፈው ሃሮልድ አብርሃምስ ነው፤ ሆልም የሚጫወተው የእሱን አሠልጣኝ ሳም ሙሳቢኒን ነው። በዚያ ዘመን ስፖርት የጨዋ ልጆች መዝናኛ ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ተከፍሎት የሚያሠለጥን ሰው እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለዚህ ሙሳቢኒ ስታዲየም አይገባም። ልጁ ሲሮጥ እሱ አጠገብ ካለ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ውድድሩን አያይም፤ ጩኸቱ ብቻ ይሰማዋል። ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው በመስኮቱ በኩል የአገሩ ባንዲራ ሲወጣና መዝሙሩ ሲሰማ ነው። ቀስ ብሎ አልጋው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የገለባ ቆቡን አናት በቡጢ ይበሳዋል። «ልጄ» ይላል፤ ለራሱ፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ቡጢ፣ አንድ ቃል። እኛ ሩጫ ስናይ ያደግን ሰዎች ስለሆንን አሠልጣኝ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገንም፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ሰው የሚያስለቅሰን አሠልጣኝ ስለሆነ አይደለም። ፊልሙ እስከዚያ ድረስ ይህ ሰው ሲገሥጽ፣ ሲቆጥር፣ እርምጃ ሲያርም ብቻ ነው ያሳየን። ፍቅሩን ከእኛም ከራሱም ደብቆታል። የተደበቀው ነገር በቆቡ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ሆልም በዚህ ሚና ከብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ሽልማት፣ ከካን ፌስቲቫልም የረዳት ተዋናይ ልዩ ሽልማት ወሰደ። ፊልሙ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ አራት ኦስካር ሲያገኝ፣ ከተዋናዮቹ መካከል በትወና የታጨው እሱ ብቻ ነበር። ኦስካሩን የወሰደው አንጋፋው ጆን ጊልጉድ ነው። በጊልጉድ መበለጥን እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሰው ሚዛኑን ቢያስፈትሽ ይሻላል።

የምለው ሁሉ እዚህች ክፍል ውስጥ አለ። የሆልም ጥበብ የመደበቅ ጥበብ ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ቃል በእኛ ጸሐፊዎች እጅ ከመጠን በላይ እንደታጠበ ነጠላ ሳስቷል፤ ያም ሆኖ ለዚህ ሰው ሌላ ቃል አላገኘሁም። ሰሙን ይሰጠናል፤ ወርቁን ይዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በአንዲት ቅጽበት፣ በእጅ ወይም በዓይን፣ ሾልኮ እንዲያመልጠው ያደርጋል። ጸሐፊው ያላዩት ክር ይኸው ነው።

አሁን ወደ «ሸሸ» ልሂድ።

ሆልም በመስከረም 1931 የተወለደው በኤሴክስ፣ ጉድሜዝ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ እዚያ የነበረ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ስለነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ነው። (ይህን ዝርዝር ያዙልኝ፤ ናፖሊዮን ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ።) በ1954 በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ወዳለው ቲያትር ገባ። ጦር ይዞ ከመቆም ተነሥቶ፣ በአዘጋጁ በፒተር ሆል መሪነት ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ሲመሠረት ከዋና ዋናዎቹ ወጣት ተዋናዮች አንዱ ሆነ። ሼክስፒር የተወለደበት 400ኛ ዓመት በተከበረበት በ1964፣ በዚያ መድረክ ላይ ልዑል ሃልን፣ ሄንሪ አምስተኛንና ሪቻርድ ሦስተኛን ተጫወተ። በ1965 ደግሞ የጸሐፌ ተውኔቱን የሃሮልድ ፒንተርን «ዘ ሆምካሚንግ» ሠራ። ሌኒ የሚባለውን ሰው፣ ትሑት አነጋገር ያለው ደላላና አስፈራሪ፣ ለንደን ላይ ጀምሮ እስከ ብሮድዌይ ይዞት ሄዶ በ1967 የቶኒ ሽልማት አገኘበት። ፒንተር ስለ እሱ ሲናገር፣ ጫማዬን ያጠልቃል፤ ልኩም ነው እንዳለ ይጠቀሳል።

በዚያ ተውኔት ውስጥ ያለ ማንም እጁን የማያነሣበት ግጭት አለ። ሌኒና የወንድሙ ሚስት ስለ አንዲት ብርጭቆ ውኃ ይነጋገራሉ፤ ብርጭቆዋን ልውሰድ ይላል፤ እሷ ከወሰድህ አንተን እወስድሃለሁ ትለዋለች። ነገሩ ውኃ ነው፤ ግን በቤቱ ውስጥ ማን እንደሚገዛ የሚወሰነው በዚያች ብርጭቆ ነው። በ1973 ፒተር ሆል ተውኔቱን ወደ ፊልም ሲለውጠው ሆልም ሌኒን መልሶ ስለሠራው ዛሬም ማየት ይቻላል። ጸሐፊው ትዕይንቱን አይተውት ከሆነ «አዳማቂ» የሚለውን ቃል እንዴት እንደጻፉት አላውቅም።

ከዚያ 1976 መጣ። የዩጂን ኦኒልን ትልቅ ተውኔት «ዘ አይስማን ከሜዝ»ን ሊጫወት ተዘጋጅቶ፣ በቅድመ ምርቃት ትርኢቶቹ ላይ እያለ የመድረክ ፍርሃት ያዘው። መድረኩን ትቶ ወጣ። ለብዙ ዓመታትም ከቲያትር ራቀ። ይህን ሆልም ራሱ በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ሳይሸሽግ ተናግሮታል።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚጠቀሙበት ቃል «ሽሽት» ነው። ስለ ሰው ፍርሃት ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ በተማሪነቴ በትምህርት ቤት ድራማ ላይ የአንድ ዳኛ ሚና ተሰጥቶኝ ነበር። አራት መስመር ንግግር ናት። ሁለተኛዋን ስጨርስ ሦስተኛዋ ከጭንቅላቴ ተነሥታ ሄደች፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ጉልበቴ የሌላ ሰው ጉልበት ሆነብኝ። ተከሳሹ፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ፍርዱን በራሱ ላይ ራሱ አሰምቶ አወረደኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት የቆምሁት ለሠርግ ምርቃት ብቻ ነው። የእኔ አራት መስመር ነበረች። የሆልም ለሰዓታት የሚዘልቅ ተውኔት ነበር፤ ዋናው ተናጋሪ ደግሞ እሱ።

ዋናው ስሕተት ግን ቃሉ አይደለም። ጸሐፊው «አልተመለሰም» ብለዋል። ተመልሷል። በ1993 በለንደኑ አልሜዳ ቲያትር የፒንተርን «ሙንላይት» ተጫወተ፤ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚሞት ሰው ሆኖ። በ1997 ደግሞ በብሪታንያ ብሔራዊ ቲያትር፣ ከአዳራሾቹ ትንሿ በሆነችው በኮትስሎ፣ በሪቻርድ ኤር አዘጋጅነት ንጉሥ ሊርን ሠራ። ያች አዳራሽ ተዋናይ የሚደበቅባት አይደለችም፤ ተመልካቹ ትንፋሹ እስኪሰማ ድረስ ይቀርባል። በማዕበሉ ትዕይንት ላይ ሆልም ልብሱን አውልቆ ጣለ፤ 66ኛ ዓመቱ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው፣ እርቃኑን፣ ከተመልካች ጥቂት እርምጃ ርቆ። በማግሥቱ ዓመት በዚህ ሚና የሎረንስ ኦሊቪየር ሽልማትን የምርጥ ተዋናይ ሆኖ ወሰደ፤ የንግሥቲቱ የ«ሰር» ማዕረግም በዚያው በ1998 መጣ። ፈርቶ የሄደ ሰው የተመለሰው በዚህ አኳኋን ነው። ጸሐፊው ታሪኩን ግማሹ ላይ ዘግተው መጽሐፉን መልሰው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠውታል።

ስለ ቁመቱ የተባለውን በትዕግሥት ማንበብ ከብዶኝ ነበር። አዎን፣ አጭር ሰው ነበር። አዎን፣ ናፖሊዮንን ሦስት ጊዜ ሠርቷል፦ በ1974 በቴሌቪዥን፣ በ1981 በቴሪ ጊሊያም «ታይም ባንዲትስ»፣ በ2001 «ዘ ኤምፐረርስ ኒው ክሎዝስ» በተባለው ፊልም። ሦስቱ ግን አንድ ሰው አይደሉም። የጊሊያም ናፖሊዮን ከተማ እየተቃጠለ የአሻንጉሊት ትርኢት ፊት ተቀምጦ ትናንሽ ነገሮች ሲደባደቡ እያየ የሚደሰት፣ ከዚያም ሰክሮ የታላላቅ ድል አድራጊዎችን ቁመት አንድ በአንድ የሚዘረዝር ሰው ነው። ሆልም እዚህ ላይ ስለ ቁመቱ ከሚሥቁት ሁሉ ቀድሞ ሥቋል፤ ጸሐፊው በ20 ዓመት ሳይሆን በ40 ዓመት ዘግይተው ነው የደረሱት።

በ2001ዱ ፊልም ደግሞ ናፖሊዮን ከሴንት ሄሌና ደሴት ያመልጣል፤ በቦታው መልኩን የሚመስል ተራ መርከበኛ ይቀመጣል። ሁለቱንም የሚጫወተው ሆልም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ማንነቱን ደብቆ ፓሪስ ይገባና አንዲት ባሏ የሞተባት ሐብሐብ ነጋዴ ቤት ይጠጋል፤ የሐብሐቡን ሽያጭም እንደ ጦር ሜዳ ካርታ ዘርግቶ ይመራዋል። ከዚያ አንድ ምሽት ወደ አንድ ግቢ ይወስዱታል። ግቢው ራሳቸውን ናፖሊዮን ነኝ በሚሉ የአእምሮ ሕሙማን የተሞላ ነው፤ ሁሉም እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ይንጎራደዳሉ። እውነተኛው ናፖሊዮን መሐላቸው ቆሞ፣ አፉን ቢከፍት ከእነርሱ አንዱ ከመሆን የማያልፍ መሆኑ ይገባዋል። አሁን ያ ያዙልኝ ያልኋችሁን የጉድሜዝ ግቢ አስታውሱ። እዚያ ያደገ ልጅ ያንን ትዕይንት ሲጫወት ምን እንደተሰማው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ፊቱ ላይ ያለው ዝምታ ግን በቁመት የሚገኝ ነገር አይደለም። በ1994 ደግሞ ያበደውን ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን በዓይኑ የሚያስገብረውን ሐኪም ዶክተር ዊሊስን ተጫውቷል፤ ጸሐፊው አላነሡትም።

አሁን ወደ «ማሽኑ»። ይህ ነጥብ ጸሐፊው ከሁሉ የተሻለ የተከራከሩበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በ1979 በሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» ውስጥ ሆልም አሽ የሚባለውን የጠፈር መርከቡን የሳይንስ ኃላፊ ይጫወታል። አሽ ሰው እንዳልሆነ፣ ኩባንያው በሠራተኞቹ መካከል የሸጎጠው ሰው ሠራሽ ፍጡር እንደሆነ የምናውቀው ፊልሙ ካገባደደ በኋላ ነው። ጸሐፊው «ስሜት የሌለውን ነገር ለመጫወት ስሜት አያስፈልግም» ይላሉ። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አሽ በመጀመሪያው ግማሽ ሰው መምሰል አለበት፤ ግን ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊቱ ላይ እንደነበረ ማየት አለበት። በዚያች ቀጭን ገመድ ላይ መራመድ ምን እንደሚጠይቅ አስቡት።

ሆልም ምን አደረገ? ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት፣ ማንም በማያየው ሰዓት፣ ባለበት ቆሞ እግሩን እያፈራረቀ ትንሽ ይሮጣል፤ ሰው የሚመስል ግን ምክንያት የሌለው እንቅስቃሴ። የጠፈር አውሬ ፊቱ ላይ የተጣበቀበት ባልደረባቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ የፊልሙ ዋና ባለታሪክ ሪፕሊ ስትከለክል፣ አሽ በሩን ይከፍታል፤ ርኅራኄ ይመስላል፤ ትእዛዝ መፈጸም ነው። ትንሹ አውሬ ከሰው ደረት ፈንድቶ ሲወጣ አንዱ ቢላዋ ይዞ ሊወጋው ይነሣል፤ አሽ እንዳትነኩት ይላል፤ ሁላችንም ጥንቃቄ መሰለን። በመጨረሻ ከግንባሩ አንዲት ነጭ ጠብታ ትወርዳለች። ላብ መሆን ነበረባት። ያች ጠብታ በፊልሙ ውስጥ ካለው ደም ሁሉ ይልቅ እኔን ታስፈራኛለች። ወርቁ በሰሙ ስንጥቅ የታየባት ቅጽበት ናት። ከዚያ በኋላ ራሱ ተቆርጦ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ፊቱን አልብሶት፣ ስለ አውሬው ፍጹምነት በአድናቆት ሲናገርና ለሚሞቱት ሰዎች ሐዘኔታውን ሲገልጽ የምናየው አሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጻ የወጣ ሰው ይመስላል። የሚደብቀው ነገር አልቆበታል።

ጸሐፊው እንደ ማስረጃ የሚያቀርቡት በ2024 የወጣውን «ኤሊየን፦ ሮሙለስ»ን ነው። በዚያ ፊልም ሩክ የተባለ ሌላ ሰው ሠራሽ ፍጡር ከሞተ አራት ዓመት በሆነው በሆልም ፊት ተሠርቶ ቀርቧል፤ በቤተሰቡ ፈቃድ፣ በሜካኒካል አሻንጉሊት፣ በኮምፒውተርና በሌላ ተዋናይ ትወና ታግዞ። «እነሆ፣ ሰውየው ሳይኖርም ሥራው ተሠራ» ይላሉ ጸሐፊው። እኔ ከዚያው ፊልም ሌላ ትምህርት ነው የወሰድሁት። ማንም የሚሠራው ሚና ቢሆን ኖሮ በሕይወት ካሉት ተዋናዮች አንዱን ወስደው አዲስ ፊት ይሰጡት ነበር። ከ45 ዓመት በኋላ ወደ ሙት ሰው ፊት የተመለሱት ለምንድን ነው? ፊቱንስ አገኙት። ግን ብዙ ተመልካች ያጉረመረመው ፊቱ የሞተ ስለመሰለው ነው። የመጀመሪያው አሽ የሚያስፈራው ሕይወት ስለሌለው አይደለም፤ ሕይወት ያለው ስለሚመስል ነው። ፊት ሊገለበጥ ይችላል፤ የሚደብቀው ነገር ግን ከኋላው ከሌለ ፊት ቆዳ ነው።

«አንድም ፊልም በጫንቃው ተሸክሞ አያውቅም» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ በ1997 የወጣው የካናዳዊው አቶም ኢጎያን «ዘ ስዊት ሂርአፍተር»። የትምህርት ቤት አውቶቡስ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ 14 ልጆች ያለቁባት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሆልም ወላጆችን ለክስ የሚያሰባስብ ጠበቃ ነው። እሱም በሌላ መንገድ ልጁን እያጣ ነው፤ ሴት ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ ተይዛ በየከተማው ትባዝናለች፤ እየደወለች ገንዘብ ትጠይቀዋለች። ፊልሙ በካን ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት ወሰደ፤ ሆልምም የካናዳን የምርጥ መሪ ተዋናይ ሽልማት አገኘ።

በዚያ ፊልም ውስጥ አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ለአንዲት ወጣት የሚያወራው ታሪክ አለ። ልጁ ሕፃን ሳለች ሸረሪት ነድፏት ሰውነቷ አብጦ ነበር። ሆስፒታል ሩቅ ነው። ሐኪሙ በስልክ፣ ጉሮሮዋ ከተዘጋ በቢላዋ መክፈት ሊኖርብህ ይችላል አለው። መኪና ውስጥ ልጁን ታቅፎ፣ በአንድ እጁ ቢላዋ ይዞ፣ እንዳትፈራ እየዘፈነላት ሄደ። አንዱ ግማሼ የሚዘፍን አባት ነበር፤ ሌላው ግማሼ ትንፋሿ እስኪቆረጥ የሚጠብቅ ቀዶ ሐኪም ይላል። ቢላዋው አላስፈለገም። ሆልም ይህን ሲናገር አያለቅስም፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ቆሟል። ልጁን ያዳነበትን ቀን እየተረከ ልጁን ያጣ ሰው እንደሆነ የምናውቀው ከቃላቱ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ፊልም በጽሑፋቸው ውስጥ ጨርሶ አልጠቀሱትም። ሊር፣ ይህ ጠበቃ፣ እና በ«ዘ ፊፍዝ ኤለመንት» ውስጥ ያለው ግራ የገባው ቄስ ሦስቱም የአንድ ዓመት ሥራ ናቸው።

የተበታተነ ዶቃ ነው ወደተባለው ልመለስ። ጸሐፊው ሚናዎቹን አከታትለው ይደረድሩና ይስቃሉ፦ በቴሌቪዥን ሂምለር፣ ሌላ ጊዜ ጎብልስ፤ ከዚያ የፒተር ፓን ደራሲ ባሪ፤ ፖሎኒየስ (ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሃምሌትን በአማርኛ ካሰሙን ወዲህ ለእኛም እንግዳ ያልሆነው ነገረኛ ሽማግሌ)፤ ከዚያ ሆቢት («የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው ተረት ውስጥ ያለ ድንክ ፍጡር)፤ ከዚያ በካርቱን ፊልም ውስጥ የአይጥ ጠላት የሆነ የወጥ ቤት አለቃ። አዎን፣ ሲደረደር ያስቃል። ግን እስቲ ቀስ ብለን እንቁጠር። የወጥ ቤቱ አለቃ ስኪነር ወራሹ ማን እንደሆነ የሚገልጸውን ሰነድ ይደብቃል። ሌኒ ሥጋቱን በትሕትና ይደብቃል። አሽ ማሽንነቱን፣ ሙሳቢኒ ፍቅሩን፣ ጠበቃው ሐዘኑን፣ ናፖሊዮን ስሙን። ሆቢቱ ቢልቦ ቀለበቱን። ዶቃዎቹ ክር አጥተው አይደለም፤ ክር ሲሰካ በዶቃው ውስጥ ስለሚያልፍ አይታይም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳስተውል እኔም ደነገጥሁ። በ1959 ስትራትፎርድ ላይ ቻርልስ ላውተን ንጉሥ ሊርን ሲጫወት አጠገቡ ቂላቂሉን ቀልደኛ የተጫወተው ወጣቱ ሆልም ነበር፤ በ1997 ንጉሡ ራሱ ሆነ። በ1965 «ዘ ሆምካሚንግ» ላይ ልጁን ሌኒን ተጫወተ፤ በ2001 በደብሊኑ ጌት ቲያትር ዝግጅት አባቱን ማክስን ተጫወተ። በ1981 ቢቢሲ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን በ26 ክፍል የሬዲዮ ድራማ ሲያቀርብ ፍሮዶ የሆልም ድምፅ ነበር፤ በ2001 ፒተር ጃክሰን ፊልሙን ሲሠራ ቀለበቱን ለፍሮዶ የሚያስረክበው ሽማግሌ ቢልቦ ሆነ። ሦስት ጊዜ፣ ወጣት ሆኖ ባንኳኳው በር በእርጅናው ከውስጥ ሆኖ ከፈተ። ይህ ሁሉ ዕቅድ ነው አልልም፤ የተዋናይ ሕይወት ስልክ በመጠበቅ የሚያልፍ ሕይወት ነው። ግን የተበታተነ ሰው እንዲህ አይመለስም።

«አዳማቂ» ስለሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሦስት ሰው ይቆማል፣ እያንዳንዱ የራሱን ጥቂት ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚፈጠረው በመካከላቸው ነው። አንዱን አዳማቂ፣ አንዱን መሪ ለማለት የሚደፍር የለም። ሆልም ብዙውን ጊዜ የሠራው በዚህ ዓይነት ፊልም ውስጥ ነው፤ የእሱን ድምፅ ብታወጡት የሌሎቹ ዜማ ይጎድላል። አሽን ከ«ኤሊየን» አውጡና ሪፕሊ ማንን እንደምትታገል ንገሩኝ።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ወገንተኛ እሆናለሁ። ሁሉም ፊልሞቹ ጥሩ አልነበሩም። በዕድሜው ማምሻ ላይ አንዳንዶቹ ውስጥ ገብቶ የሚወጣው የምሳ ዕረፍት ላይ እንዳለ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ንግግሩን በትክክል ይናገራል፣ ይሄዳል። የዓለም የአየር ንብረት በአንድ ሳምንት የሚገለበጥበት የ2004ቱ ፊልም ላይ ያለው ሳይንቲስት፣ ሆልም ባይሆን ኖሮ ማንም አያስታውሰውም፤ ሆልም ሆኖም ብዙ ሰው አያስታውሰውም። 60 ዓመት ገደማ የሠራ ሰው እንደዚህ ዓይነት ቀናት ይኖሩታል። ጸሐፊው ግን ከእነዚህ ቀናት ተነሥተው ዓመታቱን ፈረዱባቸው።

መጨረሻቸው ላይ «ሞቱ እንኳ በሌላ ሰው ጥላ ሥር ነበር፤ የመጨረሻ ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ መጻፍ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህ በሁለት በኩል ስሕተት ነው። ሆልም በሰኔ 2020 በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት በ88 ዓመቱ አረፈ። «ሆቢት» የተሰኙት ፊልሞች ሲቀረጹ ወደ ኒውዚላንድ መጓዝ ስላልቻለ፣ የእሱ ትዕይንቶች የተቀረጹት እንግሊዝ አገር ነው። በ2014 የወጣው የመጨረሻው ፊልም የሚያልቀው በእሱ ነው። ሽማግሌው ቢልቦ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ቀለበቱን ይመለከታል። አይጽፍም። በሩ ይንኳኳል። እንግዳ አልፈልግም፣ ዘመድም አልፈልግም ብሎ ይጮኻል፤ ከውጭ አንድ የሚያውቀው ድምፅ፣ የድሮ ወዳጅስ? ይላል። ቢልቦ ፊቱ ይበራል፤ ይነሣና ሊከፍት ይሄዳል። ቀለበቱም አብሮት ይሄዳል፤ ከደጅ የቆመው እንግዳ ገና አላየውም።